ባሌን በወይብ ውኃ መከተል፦ ከሳነቴ መንገድ ባሻገር ያሉ ስፍራዎች

የባሌ ተራሮችን አይተው የሚመለሱ ወዳጆች የሚያሳዩን ፎቶግራፎች አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። ዲንሾ አጠገብ በማለዳ የተነሣ የደጋ አጋዘን፣ በሳነቴ ሜዳ ላይ ከሩቅ የታየች ቀይ ቀበሮ፣ በረዘመ ጅብራ ሥር የቆሙ ጓደኛሞች፣ በመጨረሻም ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ጋቢውን እስከ ጆሮው የተከናነበ ሰው። ይህ ሁሉ የሚገኘው ከዶዶላ ወደ ሮቤ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳርና ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴን አቋርጦ ወደ ደሎ መና በሚወርደው መንገድ ግራና ቀኝ ነው። የሳነቴው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያልፋል፤ ቅርንጫፉ ደግሞ 4,377 ሜትር ከፍታ ካለው ከቱሉ ዲምቱ አናት ድረስ መኪና ያወጣል። ስለዚህ ሰው ከመኪናው ብዙም ሳይርቅ የኢትዮጵያን ከፍተኛ ደጋ አይቶ በማግስቱ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

ይህን ያደረገ ሰው ያየው ነገር ትንሽ ነው አልልም፤ ሳነቴ በአንድ እይታ ብቻ እንኳ ሰውን ዝም ያሰኛል። ነገር ግን ፓርኩ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ መንገዱ ደግሞ በዚያ ስፋት ላይ የተሰመረ አንድ ቀጭን መስመር ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በዓለም ቅርስነት ከመዘገበ ወዲህ ወሬው በስፋት ተሰምቷል፤ ብዙ ሰውም «የት እንሂድ?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ የምሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መንገዱን ትታችሁ የወይብን ወንዝ ተከተሉ። ወይብ ከፓርኩ ሰሜን ምዕራባዊ ከፍታዎች ይነሣል፤ በስሙ የሚጠራውን ሰፊ ሸለቆ ያቋርጣል፤ ዲንሾን በቅርብ ያልፋል፤ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ዞሮ ወደ ቆላው ይወርዳል። ባሌ የሚያስደንቁ ነገሮቹን አብዛኞቹን ያኖረው በዚህ ውኃ ዳርና በገባሮቹ ላይ ነው።

ጉዞው የሚጀመረው ከጋይሳይ ነው። ጋይሳይን የማያውቅ ጎብኚ የለም፤ ዋናው መንገድ ሜዳውን ስለሚያቋርጠው መኪና ቆሞ በመስኮት ፎቶ ይነሣል፤ ከዚያ ጉዞው ይቀጥላል። ሜዳው የሚታወቀው ግን በእግር ከመንገዱ ርቀው ወደ ውስጥ ሲገቡ ነው። ከአስጎብኚ ጋር ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት የተነሣ ሰው ጭቁኙ እስከ ጉልበት በደረሰበት መካከል ያልፋል፤ የጭቁኙ መዓዛም ቀኑን ሙሉ ከሱሪው አይለቅም። የደጋ አጋዘኖቹ እዚያ በመንጋ ይሰማራሉ። ወንዶቹ ጠምዘዝ ያለ ቀንዳቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ የአንገታቸው ነጭ ምልክት በጠዋት ብርሃን ጎልቶ፣ ሰውን ለረጅም ጊዜ ትኩር ብለው ያዩና ቀስ ብለው ወደ ጽዱና ወደ ኮሶው ጥላ ይገባሉ። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የትም የለም። የውጭ ሳይንቲስቶች ስለ መኖሩ ያወቁትም በ1908 እ.ኤ.አ. በአንድ እንግሊዛዊ አዳኝ አማካይነት ነው፤ ይህን ያህል ትልቅ የሆነ የዱር እንስሳ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በሳይንስ መዝገብ ሳይገባ መቆየቱ የዚህን ደጋ ርቀት ይመሰክራል። የአካባቢው ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ጎረቤቱ አድርጎ ያውቀው ነበር።

ከዲንሾ ወደ ላይ፣ ወደ ወይብ ሸለቆ የሚወስደው መንገድ በጣም ጥቂት ሰው የሚሄድበት ነው። ጠንካራ መኪና በበጋ ሊወጣው ይችላል፤ ከመኪና ይልቅ ግን ፈረስ ወይም እግር ይሻላል ብዬ በሙሉ ልብ እመክራለሁ። መንገዱ መጀመሪያ በገብስ ማሳና በከብት በረቶች መካከል ያልፋል፤ ቀጥሎ ዳንካ ወንዝ ይመጣል። በዳንካ ላይ ሰው ያልሠራው ድልድይ አለ፤ ውኃው ዓለቱን ከሥር ቦርቡሮ አልፎ ከላይ ያለውን ድንጋይ ለመሻገሪያ ትቶታል። ፈረሶቹ ምንም ሳያመነቱ ይሻገሩበታል፤ እንግዳ ሰው ግን ከሥሩ የሚጮኸውን ውኃ ሰምቶ ጎንበስ ብሎ ሳያይ አያልፍም። ከዚያ በኋላ ሽበት በመሰለ የዛፍ ሽበት የተሸፈነው አስታ ይጀምራል፤ አስታው እያነሰ እያነሰ ሄዶ በድንገት ሲያልቅ ሸለቆው ይከፈታል። ከፍታው 3,500 ሜትር ገደማ ነው። ወለሉ ሰፊና ለጥ ያለ፣ ሣሩ አጭር፣ ውኃው በየቦታው የተኛ፣ ዙሪያው በጥቁር ዓለት ግድግዳ የታጠረ ነው።

በሸለቆው ውስጥ ወይብ ወደ ታች የሚወረወርበት ፊንጫ ሀበራ የተባለ ፏፏቴ አለ። በክረምት መውጫ ውኃው ሲሞላ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ በበጋ ግን ቀጭን ነው፣ ዓለቱም በደንብ ይታያል። ለእኔ ግን ከፏፏቴው ይልቅ በአካባቢው ያለውና በዚሁ ስም የሚጠራው የዓለት መጠለያ ይበልጣል። ሲያዩት ብዙ የሚያስደንቅ አይመስልም፤ እረኞች ዝናብ ሲመጣባቸው የሚጠጉበት፣ ጣሪያው በጢስ የጠቆረ፣ ወለሉ በከብት ፍግ የተሸፈነ የዓለት ሥር ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ግን ያ ወለል ከሥሩ ምን እንደያዘ ገልጧል። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች እዚህ ደጋግመው ኖረዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,470 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ የበረዶ ዘመን በነበረበት ጊዜ፣ እሳት አንድደው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለ የዓለት ሸንተረር ያመጡትን ጥቁር ባልጩት እየጠረቡ መሣሪያ ሠርተዋል። በጊዜው የባሌን አናት ግግር በረዶ ሸፍኖት ስለነበር ቀልጦ የሚወርደው ውኃ ከቅርብ ይገኝ ነበር። ምግባቸውም በዋናነት አንድ እንስሳ ነበረ፤ ዛሬም በዚያው ሸለቆ ውስጥ መሬቱን ቀዳድቶ የሚኖረው ግዙፉ ፍልፈል። የተጠበሰው የፍልፈል አጥንት በምድጃዎቹ ዙሪያ ተገኝቷል። ሰው በከፍተኛ ተራራ ላይ ለረጅም ጊዜ ስለ መኖሩ እስካሁን ከተገኙት ማስረጃዎች ሁሉ እጅግ ከጥንታዊዎቹ አንዱ ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ስፍራ ያለ ምንም አጥር፣ ያለ ብዙ ጎብኚ በእረኞች እጅ መኖሩ ልቤን ይነካዋል፤ ያሳስበኛልም። እዚያ የሚደርስ ሰው መሬቱን እንዳይቆፍር፣ የተጠረበ የሚመስል ድንጋይ ቢያይ እንዳያነሣ፣ በዓለቱ ላይም ስሙን እንዳይጽፍ አጥብቄ እለምናለሁ። አንድ ስለታም ባልጩት ለአጥኚ ነገር የሚነግረው በተገኘበት ቦታ እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ በሰው ኪስ ውስጥ ከገባ በኋላ ተራ ድንጋይ ይሆናል።

ከመጠለያው ወጥቶ በሜዳው ዳር ቁጭ ያለ ሰው ፍልፈሉን ራሱን ያያል። ይህ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች በቀር በየትም ምድር አይገኝም፤ ትልቁ እስከ አንድ ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ዓይኖቹ ከራሱ አናት አጠገብ ናቸው፤ ስለዚህ ሰውነቱን ከጉድጓዱ ብዙም ሳያወጣ ዙሪያውን ያያል። መጀመሪያ የተቆለለው ትኩስ አፈር ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ወርቃማ ቡናማ ጭንቅላት ብቅ ይላል። በዙሪያው ያለውን ሣር በጥርሱ እየነጨ በፍጥነት ይሰበስብና ወደ ኋላው ተመልሶ ይገባል፤ ቀዳዳውንም በአፈር ይደፍነዋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ሰው ካሜራውን ከቦርሳው እስኪያወጣ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ፍልፈል ባለበት ቀይ ቀበሮ አለች። በሳነቴ ላይ ቀበሮዋን የምናያት ብዙውን ጊዜ መንገድ ስታቋርጥ ነው፤ በወይብ ሸለቆ ግን ስትሠራ እናያታለን። ቀይ ቀበሮዎች በቤተሰብ ተሰባስበው ይኖራሉ፤ ግዛታቸውን በጋራ ይጠብቃሉ፤ ቡችሎቻቸውንም በጋራ ያሳድጋሉ። ለምግብ ግን እያንዳንዷ ለብቻዋ ትወጣለች። አንዲቱን ከዓለት ጀርባ ሆነን ስንመለከታት ጆሮዎቿን ወደ ፊት አድርጋ፣ ሆዷን ወደ መሬት አስጠግታ፣ አንድ እግር ታነሣና እግሩን መልሳ ሳታስቀምጥ ለረጅም ጊዜ ትቆማለች። ፍልፈሉ ጭንቅላቱን ወደ ሣሩ ሲያዞር ጥቂት ትራመዳለች፤ ቀና ሲል ትደርቃለች። በመጨረሻ ዘልላ በፊት እግሮቿ ስታርፍ አፈሩ ወደ ላይ ተበተነ፤ ፍልፈሉ ግን አመለጣት። እርሷም ጥቂት ቆፍራ ተወችና ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ወደ ሌላው የአፈር ክምር ሄደች።

በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ወደ 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩም በባሌ ነው ያለው። ይህን ቁጥር የሚያወርደው ዋናው ነገር አደን ሳይሆን በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታና ሌላው ውሾችን የሚገድል ቫይረስ ከቤት ውሾች ወደ ቀበሮዎች ይተላለፋሉ። በ2003 እ.ኤ.አ. በዚሁ በወይብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ በገባ ጊዜ በሸለቆው ከነበሩት ቀበሮዎች ከሦስት እጅ ከሁለቱ በላይ አልቀዋል። በሽታው ወደ ሌሎቹ የባሌ ክፍሎች እንዳይዛመት ያደረገው ሸለቆውን ከቀሪው ደጋ ጋር በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች ላይ ያሉትን ቀበሮዎች ፈጥኖ መከተብ ነበር። ከዚያ ወዲህም የአካባቢውን ውሾች የመከተቡ ሥራ ቀጥሏል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በሥጋ ውስጥ ተደርጎ ለቀበሮዎቹ የሚሰጥ ክትባት ሥራ ላይ ውሏል። ክትባቱን ይዘው በፈረስ የሚወጡት ሠራተኞች አብዛኞቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸው፤ በሌሊት ውርጭ ሥጋ ተሸክመው በሸለቆው የሚዞሩት እነዚህ ሰዎች ከፍ ያለ ክብር ይገባቸዋል።

በሸለቆው ሰው የለም ብሎ የሚሄድ ጎብኚ ይሳሳታል። ወይብ የእረኞች አገር ነው። በጎዳንቱ ሥርዓት የባሌ ኦሮሞዎች እህል በማሳ ላይ ባለባቸው ወራት ከብቶቻቸውን ወደ ደጋው ይዘው ይወጣሉ፤ ማዕድን ወዳለባቸው የሆራ ውኃዎችም ከሩቅ ሳይቀር ከብት ይነዳል። ሆራ በደረሱ ቀን ላሞቹ እየተጋፉ ሲጠጡ፣ ልጆች በፈረስ ወዲያና ወዲህ ሲሉ፣ ጢሱ ከጎጆዎቹ ሲወጣ ሸለቆው የገበያ ቀን ይመስላል። በአንዱ ጎጆ ደጃፍ አንድ ሽማግሌ በጮጮ የታጠነ ወተትና ትኩስ የገብስ ቂጣ አቅርበውልን ነበር። አስጎብኚያችን በመካከል ሆኖ ያነጋግረን ስለነበር፣ «አባባ፣ ቀበሮዋ በግ አትወስድባችሁም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በግ የሚወስደውስ ጅብ ነው» አሉ። «እርሷ የራሷን ፍልፈል ነው የምትፈልገው። አንዳንዴ ከላሞቹ መካከል ገብታ እያደባች ትሄዳለች፤ ላሞቹም አይሸሿትም። ውሻ የምናሳድረው ለጅቡ ነው።»

በዚህ መልስ ውስጥ የባሌ ችግር ሁሉ አለ። ውሻው ያለው ጅብ ስላለ ነው፤ በሽታው የሚመጣው ከውሻው ነው፤ ከብቱ በበዛ ቁጥር ደግሞ ለፍልፈሉ የሚሆነው ሣር ያንሳል። ይሁንና በእነዚህ ሰዎች ላይ ጣት የሚቀስር ጎብኚ ከሩቅ መጥቶ የሌላውን ሰው ኑሮ በአንድ ከሰዓት የሚፈርድ ነው። መጠለያውን፣ ሆራውን፣ የቀበሮውን ጉድጓድ ለእኛ የሚያሳዩን እነርሱ ናቸው። ጎብኚ የሚከፍለው የፈረስ ኪራይ፣ የአስጎብኚና የምግብ ማብሰያ ገንዘብ በሸለቆው ዙሪያ ወዳሉ ቤቶች በቀጥታ የሚገባው ሰው በእግሩ ሲሄድ ነው፤ ሳነቴን በመኪና አቋርጦ የሚመለስ ሰው ግን ገንዘቡን የሚያወጣው በከተማ ሆቴል ነው። የወይብን ሸለቆ የምመክርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጊዜና ጉልበት ያለው ሰው ከወይብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ መውጣቱን ቢቀጥል ራፉ ከሚባለው ስፍራ ይደርሳል፤ እዚያ የጥንት ቅልጥ ዓለት በነፋስና በውርጭ ተቦርቡሮ ረጃጅም የድንጋይ ዓምዶች ሆኖ ቆሟል። ከ3,900 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው የጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ደግሞ ግግር በረዶ ጎድጉዶ በተወው ገበታ ውስጥ ተኝቷል። ትንሽ ሐይቅ ነው። ከሥሩ የተጠራቀመው ደለል ግን በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታትን የአየር ጠባይ ታሪክ ስለያዘ ተመራማሪዎች እየተመላለሱ ያጠኑታል። በዚህ መስመር ላይ መኪና የለም፤ በፈረስ ዕቃ አስጭኖ በድንኳን እያደሩ መሄድ ግድ ነው።

ወደ ታች ለሚከተለው ሰው ደግሞ ወይብ ሌላ ነገር ያሳየዋል። ወንዙ ከዲንሾ ሥር ወጥቶ በሮቤ በኩል ያለውን የስንዴ አገር አልፎ፣ አየሩ እየሞቀ፣ ግራሩ እየበዛ ይሄድና ከጎሮ ባሻገር ባለው በረሓማ አገር የኖራ ድንጋይ ተራራ ይገጥመዋል። ተራራውን አልዞረውም፤ በውስጡ ገባ። የሶፍ ዑመር ዋሻ በዚህ መንገድ የተፈጠረ ነው፤ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በአገራችን ከሚታወቁት ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ነው። ስሙን ያገኘው በውስጡ ተጠግተው ይኖሩ እንደነበር ከሚነገርላቸው ከሼህ ሶፍ ዑመር ሲሆን እስከ ዛሬም ለአካባቢው ሙስሊሞች የተቀደሰ ስፍራ ነው፤ ስለዚህ በጸጥታና በአክብሮት መግባት ይገባል። በውስጡ ውኃው የጠረባቸው ነጫጭ ዓምዶች እስከ ጣሪያው ይወጣሉ፤ በአንድ ማዕዘን ያለው ጣሪያ ከአንድ ትልቅ ቤተ መቅደስ ጣሪያ ያላነሰ ከፍታ አለው። ብዙዎች ሶፍ ዑመርን ከባሌ ተራሮች ተለይቶ እንደቆመ ቦታ ያዩታል። ፊንጫ ሀበራን ያየ ሰው ግን በዋሻው ውስጥ በጨለማ የሚያልፈው ውኃ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ከዚህም በኋላ ወንዙ ገናሌን ለመገናኘት ወደ ሶማሌ ክልል ይወርዳል፤ ከባሌ የሚነሡት ወንዞች በኢትዮጵያና በሶማሊያ ለሚኖሩ 12 ሚሊዮን ለሚደርሱ ሰዎች የሚጠቅሙ እንደሆኑ ይነገራል።

ለመሄድ የሚያስብ ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮችን ልጨምር። ከአዲስ አበባ እስከ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤትም እዚያው ዲንሾ ስለሆነ የመግቢያ ክፍያው የሚፈጸመውና አስጎብኚ የሚገኘው እዚያ ነው። ለወይብ ሸለቆ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ ነው። ነገር ግን በእነዚሁ ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ በሳነቴ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ የደረሰበት ጊዜ ተመዝግቧል። ስለዚህ ወፍራም የመኝታ ከረጢት፣ የሱፍ ካልሲና ኮፍያ ያስፈልጋል። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ፊትን ይልጣል። ለሶፍ ዑመርም በጋው ይሻላል፤ ዝናብ ሲኖር ወንዙ ስለሚሞላ ወደ ውስጥ መግባት አይቻልም። ውሻ ይዞ ወደ ፓርኩ መግባት ፈጽሞ አይገባም። የቀበሮ ጉድጓድ ሲገኝ ከሩቅ ማየት ይበቃል፤ ሰው በተጠጋ ቁጥር እናቲቱ ቡችሎቿን ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ትገደዳለች። ዕቃ የሚጭኑ ፈረሶች ከየመንደሩ የሚመጡ ስለሆኑ የሚፈልጋቸው ሰው ቢያንስ በዋዜማው መናገር አለበት፤ ለአስጎብኚውም ገና በመጀመሪያው ንግግር «ሳነቴን ብቻ ሳይሆን ወይብን ማየት እፈልጋለሁ» ማለት ያስፈልጋል፤ ካልተባለ ጉዞው በተለመደው መንገድ ይታቀዳል።